ክረምት ደጄ ላይ ተሰለፈ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ዝናቡ ከመሬት ወደ ሰማይ ሲዘንብ አየሁ። ወሩ ሰኔ ነው፤ እዚሁ ደሴ ቤቴ ነኝ፤ የጣሪያዬ ቆርቆሮ ግን ሳሎኑ ወለል ላይ ተነጥፏል። ምስማር በጥርሴ ነክሼ፣ ተንበርክኬ ቆርቆሮውን እመታ ነበር። ባለቤቴ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ ልጅ የለኝም፤ ከዚያ ወዲህ መሰላል የሚይዝልኝ ሰው አልነበረኝም። በሕልሜ ግን መሰላሉ ራሱ ወገቤን ደግፎ ይዞኝ ነበር።

በሩ ተንኳኳ። ከፍቼ ሳይ ክረምት ደጄ ላይ ተሰልፏል። ጉሙ፣ በረዶው፣ መብረቁ፣ ጎርፉ ሁሉም ፋይላቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ተራ ይጠብቃሉ። ከፊት የቆሙት የክረምት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነኝ ያሉኝ አቶ ይመኑ፣ ከረባታቸው የበሰበሰ ሰውዬ ነበሩ። ከጧት ጀምረው እንደቆሙ፣ ሰፈሩ ለመግባት የቀራቸው የእኔ ፊርማ ብቻ እንደሆነ በትሕትና አስረዱኝ።

«ሰዓት አልፏል። ነገ ተመለሱ» አልኳቸው።

መብረቁ አጉረመረመ። አቶ ይመኑ በክርናቸው ጎሸም አደረጉትና ስሜን ጠየቁኝ። ዘነቡ እንደምባል ስነግራቸው ሰልፉ በሙሉ ዘመድ ያገኘ መስሎት ፊቱ በራ። በዝምድና የሚሠራ ነገር የለም ብዬ በሩን ዘጋሁት።

ፊቴን ሳዞር ጋራዥ ውስጥ ነበርኩ። መካኒኩ ሙሉሰው፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት መኪናዬን ላሳየው በሄድኩ ቁጥር ወንድ ይዘሽ ነይ እያለ የሚመልሰኝ ሰው ነው። አሁን እሱ ራሱ በጀርባው ተንጋሏል፤ አሮጊቷ መኪናዬ ቱታ ለብሳ ደረቱን ታዳምጣለች።

«ሰው ይዞ ነው የመጣው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ብቻውን ነው።»

«እንግዲያው ይጠብቅ።»

አሳዘነኝ። እጁን ስቤ አስነሳሁትና ሥራውን እኔ ያዝኩት። መኪናዬ ሐኪም ፊት አፉን እንደሚከፍት ሰው ኮፈኗን ከፈተችልኝ። ባትሪዋን ጠረግኩ፣ የዝናብ መጥረጊያዋን ጎማ ቀየርኩ፣ ፍሬኗን ሞከርኩ። ሙሉሰው መፍቻ እያቀበለ ይህን ሁሉ ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀኝ። አንተ ስታስጠብቀኝ ቆሜ ያየሁት ነው አልኩት። አቀርቅሮ መፍቻውን በጨርቅ መወልወል ጀመረ።

በዚህ መሃል ጎርፉ መጠበቅ ሰለቸው። ሰልፉን ጥሶ ከቁልቁለቱ ሽቅብ መጣ። ቤተሰብ የሞላባቸው ቤቶች ተራ በተራ ይንሳፈፉ ጀመር፤ አባት ልጁ፣ ልጅም ወንድሙ ቦይ የቆፈረ መስሎት ማንም አልቆፈረም ነበር። ሰዎቹ በየመስኮቱ ሆነው ስሜን ይጣራሉ። ነገር ግን እኔ የምጠብቀው ሌላ ሰው አልነበረኝም። አካፋዬን አንስቼ ቦዩን ወደ ላይ፣ ወደ ሰማይ ቆፈርኩት። አየሩ እንደ ርጥብ አፈር እሺ አለኝ። ጎርፉ ቦዩን ይዞ እየተንደረደረ ወጣ፤ ቤቶቹም አንድ በአንድ መሠረታቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

አቶ ይመኑ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቅጽ ዘረጉ።

«ከማን ጋር ነው የሚኖሩት፣ እመቤቴ?»

«ከራሴ ጋር።»

እንዳልኩት ጻፉት። ከጉሙ እስከ መብረቁ ተራ በተራ እየቀረቡ፣ ያለ ፈቃዴ ቤቴ ላይገቡ ፈረሙልኝ። ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ። መብረቁ ትከሻው ላይ አውጥቶ ሰማይ ለሰማይ ሲያዞረኝ ነቃሁ።

ነግቷል። የክረምቱ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጣሪያዬን ይደበድባል። ቀና ብዬ ኮርኒሱን ሳይ ደረቅ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ብቻዬን የመታሁት ቆርቆሮ አንዲት ጠብታ አላሳለፈም። ካፖርቴን ደርቤ ወጣሁና የመኪናዬን ቁልፍ አንዴ ብጠመዝዘው ተነሳች። እዚያው መሪው ላይ እጄን ጥዬ ብቻዬን ሳቅኩ።

ያኔ አንድ ሰው ከአጥሩ ውጪ ተጣራ። ጎረቤቴ አቶ ገዛኸኝ ናቸው፤ ውሃ የሚያንጠባጥብ ፍራሽ በራሳቸው ተሸክመዋል። ነፋሱ ጣሪያቸውን ገንጥሎት ነበርና አንድ ክፍል ይተርፈኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። በሩን በሰፊው ከፈትኩላቸው። አምስት ጎረምሶች ወልደው ፍራሹን ብቻቸውን መሸከማቸው ገርሞኝ፣ ልጆቹ የት እንዳሉ ጠየቅኳቸው።

«ገና አልነቁም» አሉኝ።