ሳይሳፈሩ የሚያበሩት ኢንጂነር ዘይኑ

በየትኛውም ከተማ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ኖረውም አልኖረውም፣ ሳይሳፈር የሚያበር አንድ ሰው አይጠፋም። የኛው የከሚሴው ክቡር ኢንጂነር ዘይኑ ናቸው። ማዕረጉን የሰጠናቸው ጎረቤቶቻቸው ነን፤ እንጀራቸው የባጃጅ መለዋወጫ መሸጥ ነው። ፊት ለፊት አንተ እንባባላለን፤ ለጽሑፍ ሲሆን ግን አንቱታ ይገባቸዋል።

ኢንጂነሩ ስለ ጄት ሞተር የማያውቁት የለም፤ ያላወቁትንም ስልካቸው ያሳያቸዋል። ጎማ ሊገዛ የገባ ባለባጃጅ ስለ አውሮፕላን ሳይማር አይወጣም። አንድ ቀን ጆሯቸውን አቅንተው "ስሙ! ይሄ ባለሁለት ሞተር ነው" አሉ። የወፍጮ ቤት ድምፅ ነበር። "ቢሆንም ጥሩ ሞተር ነው" ብለው አለፉት።

ሰንበቴ ገበያ በሬ ልንገዛ ወርደን ደግሞ፣ የአውሮፕላን ሞተር ወፍ ቢገባበት ይችል እንደሆነ ለመፈተን ፋብሪካው ዶሮ እንደሚወረውርበት ለባለበሬው አስረዱት። ሰውየው አሰብ አደረገና "ዶሮው በቢስሚላህ የታረደ ነው?" ሲል ጠየቀ። ኢንጂነሩም ወሬውን ወደ በሬው ዋጋ መለሱት።

አምና የባለቤቴ የአመልማል ልብ ታመመ። ሐኪሞቹ ሕንድ አገር ሄዳ ቀዶ ሕክምና ካላደረገች ዓመቱን እንደማትጨርስ ነገሩን። አመልማል ቢላዋውን አልፈራችም፤ የፈራችው አውሮፕላኑን ነው። "እዚሁ አልጋዬ ላይ ልሙት" አለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፤ የንስሐ አባቷም መከሯት። ወይ ፍንክች!

ዘይኑ ወሬውን ሰምተው መጡና አልጋዋ አጠገብ ተቀመጡ።

"አመልማል እህቴ፣ ምኑ ነው የሚያስፈራሽ?"

"ሰማይ ላይ ሞተሩ ቢጠፋስ?"

"አብሽሪ! ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ! ዕድሜውን ሙሉ አብርሮ አንድም ቀን ሞተር ሳይጠፋበት ጡረታ የወጣ ፓይለት ስንት አለ መሰለሽ። አንዱ ቢጠፋ እንኳ በሌላው ብቻ ሰዓታት በሮ ያርፋል።"

"ሁለቱም ቢጠፉስ?"

"ያኔም እንደ ድንጋይ ዱብ አይልም። እንደ አሞራ ክንፉን ዘርግቶ እየተንሳፈፈ ማረፊያ ይፈልጋል።"

ቀጠሉ። ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከሩት ብረቶች ራሳቸውን በሚያቀልጥ እሳት መሃል እንደሚሠሩ፣ በየቀዳዳቸው በሚያልፍ አየር እየቀዘቀዙ ሳይቀልጡ እንደሚኖሩ አስረዷት።

"እንዴ! ሠለስቱ ደቂቅ ናቸው በለኛ" አለች አመልማል።

"ነቢዩላህ ኢብራሂምስ ከእሳት በሰላም አልወጡም?" አሉ ዘይኑ።

ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። በማግስቱ "ሻንጣ አዘጋጅ" አለችኝ።

መቀመጫዋን መስኮት አጠገብ አስደርጋ፣ እኔን ከጎኗ አስቀምጣ፣ መንገዱን ሙሉ ሞተሩን እንደ ልጅ ስትጠብቅ ሄደች። ቀዶ ሕክምናውም ሰመረ፤ በእግሯ እየተራመደች ከሚሴ ገባች።

የዘይኑ ባለቤት ሰዒዳ ልትጠይቀን መጥታ ጉዱን ያፈረጠችው ያኔ ነው።

"የበረራችሁ ቀን ሱቁን አልከፈተም። መስጊድ ዱዓ ላይ ዋለ። ይሄውላችሁ፣ ወንድሙ መካ ለዑምራ እንድንሄድ ቲኬት ቢልክልን አውሮፕላን ፈርቶ ሁለት ጊዜ ያስቀረን ሰው ነው! ያን ሁሉ የሞተር ነገር ሲያይ የሚያድረው ራሱን ሊያደፋፍር ነው፤ ወላሂ!"

ሱቃቸው ሄጄ አፋጠጥኳቸው። መሬት መሬት እያዩ፣ "እውቀቱስ እውነት ነው፤ እግሬ ነው እንቢ ያለኝ" አሉ። "እሷ ግን ካልሄደች መሞቷ ነበር። ምን ላድርግ?"

ይህን ስነግራት አመልማል ነጠላዋን ደርባ ወጣች። ሱቁ በር ላይ ዱካ ስባ ተቀመጠችና ስለ መነሣቱ፣ ከደመና በላይ ስለሚታየው፣ ስለ ማረፉ አንድ በአንድ ተረከችላቸው። ኢንጂነሩ በተራቸው ተማሪ ሆነው አዳመጡ። ደንበኛም መጥቶ ተመለሰ።

ባለፈው ጁምዓ ዘይኑና ሰዒዳ ለዑምራ ሄዱ። ቦሌ ድረስ ሸኘናቸው። ዘይኑ የሰዒዳን እጅ እንደ ሕፃን ጨብጠው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ግን ዞር ሳይሉ ገቡ።

ይኸው ሱቁ ተዘግቷል፤ መንደሩም ጸጥ ብሏል። ለዓመታት የለመንኩት ጸጥታ ነበር። አሁን ግን ጨንቆኝ፣ ቶሎ በመጡልኝ እያልኩ በራፋቸው ላይ እመላለሳለሁ።