የሁምቦ ዳገትና የማርታ ፔዳል

የሰው ልጅ መታሰር የማይወድ ፍጡር ነው ይላሉ። እኔ ግን ዕድሜዬ በገፋ ቁጥር ይህን አባባል ማመን እየተሳነኝ መጥቷል። ማንም ሳያስገድደው ትዳር ይይዛል፤ ማንም ሳይለምነው ዕድር ይገባል፤ አንገቱን በከረባት፣ ወገቡን በቀበቶ ሸብ አድርጎ አደባባይ ይወጣና ስለ ነጻነት ይሰብካል። አይፈረድበትም። ቁም ነገሩ አለመታሰር ሳይሆን፣ ባስፈለገ ጊዜ መፈታት መቻል ነው። ይህን ያስተማረኝ ፍልስፍና እንዳይመስላችሁ።

ፔዳል ነው።

አዎን፣ የብስክሌት ፔዳል። እናንተ የምታውቁት ጠፍጣፋውን ይሆናል። የኮርሳ ብስክሌት ተወዳዳሪዎች የሚገጥሙት ግን ሌላ ነው። ከጫማቸው ሶል ሥር አንድ ቁራጭ በብሎን ይታሰራል፤ ቁራጩ ፔዳሉ ላይ ሲያርፍ «ቀጭ!» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ እግርና ብስክሌት አንድ አካል ናቸው። ለመላቀቅ ተረከዝን ወደ ውጭ ጠምዘዝ ማድረግ ያስፈልጋል። ፔዳሉ ጫማውን ይነክሰዋል ልላችሁ ነበር፤ መንከስ ግን ክፋት አለበት፤ ይጨብጠዋል ብንል ይሻላል። ዕድሜ ልኬን ፊዚክስ ሳስተምር፣ ኃይል ሳይባክን ከአንዱ አካል ወደ ሌላው እንደሚተላለፍ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስል ኖሬያለሁ። ከሰው ጭን ተነሥቶ እስከ ጎማ ድረስ ሲተላለፍ በዓይኔ ያየሁት ግን ልጄ ማርታ ያንን ፔዳል ግቢያችን ውስጥ የሞከረች ዕለት ነው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ማርታ በዞናችን የሴቶች ብስክሌት ቡድን ውስጥ ለመግባት የምትለፋ ልጅ ናት። ባለፈው ዓመት ማጣሪያ፣ ከሁምቦ ወደ ሶዶ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ እግሯ በዝናብ ከራሰው ተራ ፔዳል ተንሸራትቶ ቦታዋን ሌላ ወሰደባት። ዘንድሮ የሚመረጡት ሁለት ብቻ ስለሆኑ የሚጨብጥ ፔዳል ማግኘቱ ግድ ሆነ። አዲስ አበባ ያለው አጎቷ ሁለት ዓይነት ከነጫማቸው ላከላትና «አንዱን መርጠሽ ሌላውን መልሺ» አላት። አንደኛው ሰፊ ነው፤ ከሶሉ ወደ ታች የወጣው ትልቅ ቁራጭ እግርን አጥብቆ ይይዛል፣ መሬት ላይ ግን አያስኬድም። ሁለተኛው ለተራራ ብስክሌት የተሠራ ነው፤ ቁራጩ ትንሽ ሆኖ ሶሉ ውስጥ ስለሚደበቅ እንደ ማንኛውም ጫማ ያስኬዳል።

«ሰፊውን!» አልኩ ሳላመነታ። «ኃይል በሰፊ ገጽ ላይ ሲያርፍ…»

«አባባ፣ መንገድ ላይ ለቅሶ ቢያጋጥመኝስ?»

«ውድድር ላይ ምን ለቅሶ አለ?»

«ለቅሶ ደግሞ የውድድር ፕሮግራም ያያል እንዴ?»

ለአገሩ እንግዳ ለሆናችሁ ላስረዳ። እኛ ዘንድ አስከሬን ሲያልፍ ብስክሌት ላይ ተቀምጦ ማየት ነውር ነው። በፈረስም በሞተርም የመጣ ይወርዳል፤ ወርዶም ጥቂት ይሸኛል። መቆም ብቻውን የሐዘን ግማሹ ነው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አይ፣ እውነቱን ልናገር፤ ፊዚክሱ አስረስቶኝ ነው። ማርታ ትንሹን ገጠመች። እኔም «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብዬ ተውኳት።

የማጣሪያው ዕለት የቀድሞ ተማሪዬ ከሆነው ከቡድኑ አሠልጣኝ ከጴጥሮስ ጋር በባጃጅ ተሳፍሬ ተወዳዳሪዎቹን ከኋላ ተከተልኩ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ማርታ ሁለተኛ ነበረች፤ ከፊቷ ብርቱካን የምትባል ጠንካራ የአረካ ልጅ ትመራለች። ከመታጠፊያው ባሻገር አስከሬን የተሸከሙ ሰዎች ወደ አስፋልቱ ወጡ።

ማንም አላዘዘም። «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» እያሉ ሁሉም ወረዱ፤ የራስ ቁራቸውን አውልቀው ላባቸው እየተንጠባጠበ ቆሙ። የፈተና ክፍል ጸጥታ አውቃለሁ፤ የጸሎት ቤት ጸጥታም አውቃለሁ። ሩጫ ራሱ እንዲህ ቆሞ ዝም ሲል ግን አይቼ አላውቅም።

ከለቀስተኞቹ መካከል አንዲት አሮጊት ብርቱካን ፊት ቆም አሉ።

«መቆም ብቻ ነው እንዴ? ትንሽ አትሸኙንም?»

ብርቱካን አንድ እርምጃ ሞክራ ተንሸራተተች። «ይቅርታ እማማ፣ ጫማዬ አይሄድም።»

«የማይሄድ ጫማ ምን ይሠራልሻል፣ ልጄ?»

የሌሎቹም ጫማ ያው ሰፊው ስለነበር ሁሉም ይቅር ተባሉ። ማርታ ግን ምን ታመካኝ? ጫማዋ ይሄዳል! ብስክሌቷን ሣሩ ላይ አጋድማ፣ ክንዷን ለአሮጊቷ ሰጥታ ቁልቁል መሸኘት ጀመረች።

«መምህር፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ልጅዎን ይጥሩልኝ እንጂ!» አለ ጴጥሮስ።

«ከለቅሶ ላይ?»

የባጃጁ ሹፌር ወደ ኋላ ዞር ብሎ «አሠልጣኝ፣ የእርስዎም ጫማ እኮ ይሄዳል» አለው። ሁለታችንም ወርደን ሸኘን።

ስንመለስ ሌሎቹ ከዓይን ርቀዋል። ማርታ ብስክሌቷን አነሣች፤ «ቀጭ!» አለ፤ ተፈተለከች። ከዚያ በኋላ ያየሁትን በፊዚክስ ልገልጸው አልችልም። እችላለሁ፤ ግን አልፈልግም። ባጃጃችን እያቃሰተች ስትከተል፣ ያቺ ልጅ ዳገቱን የምትወጣው ሳይሆን ዳገቱ ከሥሯ የሚሸሽ ይመስል ነበር። አንዷን አለፈች፣ ሌላዋን አለፈች፤ ጴጥሮስ ሰዓቱን መመልከት ትቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

ሦስተኛ ወጣች። ከሁለተኛዋ የለያት የአንድ ጎማ ርቀት ነው።

ጴጥሮስ አንገቱን ደፍቶ የሁለቱን ስም ጠራ። አልተቀየምኩትም፤ እሱ ሸኝቷል፣ ሰዓቱ ግን አልሸኘም።

ቤት ስንገባ ማርታ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ፈታች። «ሰፊውን ገጥመሽ ቢሆን ኖሮ…» ብዬ ጀመርኩና ንግግሬን ዋጥኩት።

«ተመርጬ ነበር» ብላ ጨረሰችልኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«እንግዲያው ለከርሞ ሰፊውን ነዋ?»

«ይህንኑ ነው እንጂ፣ አባባ» አለች አፍንጫዋን በመዳፏ እየጠረገች። «ብቻ ስሸኝ ትንሽ ፈጠን እላለሁ።»