ፊንላንድ የተላኩ ሽማግሌዎች

በዚህ ዓለም ላይ ከባንክ ካዝና የበለጠ ተጠርቅሞ የሚቆለፍ ነገር ቢኖር ማንም የማያነበው የጥናት ጽሑፍ ነው! አትሳቁ። እስቲ ስልካችሁን አውጡና ስለ አንድ ዘፋኝ ፍቺ ጠይቁት፤ ጠይቃችሁ ሳትጨርሱ ከነፎቶው ያዘንብላችኋል። ስለ ባሕር ዛፍ ሥር ጠይቁት ደግሞ... ‹‹ማን ነህ? ከየት መጣህ? ማን ላከህ?›› እያለ እንደ ቀበሌ ዘበኛ ያፋጥጣችኋል።

እኔ ሉማሜ ከተማ ውስጥ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። አዲስ አበባ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው፤ ትምህርቱን ጨርሼ የመመረቂያ ጽሑፌን ለመጻፍ ወላጆቼ ቤት ተመልሻለሁ። ርዕሴ ባሕር ዛፍና ምንጭ ነው። ባሕር ዛፉ ምንጩን ጠጣው ወይስ አልጠጣውም? ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፣ በእኛ አገር በዚህ ጉዳይ ጎረቤት ከጎረቤት ይኳረፋል። አማካሪዬ ታዲያ ፊንላንድ የሚኖሩ አንድ ፕሮፌሰር የጻፉትን ጽሑፍ ርዕስ ላኩልኝና፣ ‹‹ይህንን ሳትጠቅሺ ሁለተኛውን ምዕራፍ አልቀበልሽም። እስከ ዓርብ ካላስገባሽ ደግሞ የዘንድሮውን ምረቃ እርሺው›› አሉኝ።

ጽሑፉን አገኘሁት። ማለቴ፣ መግቢያውን አገኘሁት። ስለ ደጋ ባሕር ዛፍ ሲያብራራ፣ ሲያብራራ ቆይቶ፣ ‹‹የተገኘው ውጤት ግን እጅግ አስገራሚ ነበር...›› አለና ጥርቅም! ቀሪውን ለማንበብ ወይ በዶላር ክፈይ፣ ወይ በዩኒቨርሲቲሽ በኩል ነይ። ዶላሩን ተዉት። በዩኒቨርሲቲዬ በኩል ብሞክር ደግሞ ‹‹ከካምፓስ ውጭ ነሽ›› አለኝ። ይሄንንማ እኔም አውቃለሁ፤ የጎረቤታችን በሬ በመስኮት አንገቱን አስግጎ እያየኝ ነው!

ቤተ መጻሕፍቱ ዘንድ ደወልኩ።

‹‹ከካምፓስ ውጭ ሆኜ እንዳነብ ይክፈቱልኝ።››

‹‹ችግር የለም፤ መታወቂያሽን ይዘሽ በአካል ነይ።››

‹‹በአካል መምጣት ስላልቻልኩ እኮ ነው የደወልኩት!››

‹‹እሱን የሚገልጽ ማመልከቻ ጻፊና በአካል አምጪ።››

እዚህ ላይ ሳልጮህ አልቀረሁም መሰለኝ፣ ጓሮ የነበረው አባቴ ዶማውን እንደያዘ ብቅ አለ።

‹‹ማን አባቱ ነው ያስቀየመሽ?››

‹‹ጽሑፍ ነው አባባ፤ ተቆልፎብኝ ነው።››

‹‹የማን ነው ጽሑፉ?››

‹‹የአንድ የፊንላንድ ፕሮፌሰር።››

‹‹ጠይቀሽው እምቢ አለ?››

‹‹ኧረ አልጠየቅኩም! ዝም ብሎ የማያውቁት ሰው ይጠየቃል እንዴ?››

‹‹ዝም ብሎማ አይጠየቅም›› አለ አባቴ ዶማውን ግድግዳው ላይ እያስደገፈ። ‹‹ሽማግሌ ይላካል።››

አንድ ነገር ሹክ ልበላችሁ። ሠላሳን ተሻግሬያለሁ፣ አላገባሁም። አባቴ ‹‹ልጅዎን ለልጃችን›› የሚሉ ሽማግሌዎች በሩን እስኪያንኳኩ ሲጠብቅ ዓመታት አልፈዋል። እናም በእኔ ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌ ሲላክ፣ ከእኛ ቤት ተነሥቶ ወደ ፊንላንድ ሆነ!

በማግሥቱ ጠዋት ሦስቱም ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩት መሪጌታ ላቀው፣ የአባቴ የንስሐ አባት ቄስ ሞላ፣ እንዲሁም በሉማሜ የተኳረፈ ባልና ሚስት ሁሉ የሚሸሻቸው አስታራቂ፣ አያ ይስማው።

‹‹የሰውየው ደጅ በየት በኩል ነው?›› አሉ መሪጌታ።

‹‹መሪጌታ፣ ባሕር ማዶ እኮ ናቸው! በኢሜይል ነው የምንጽፍላቸው።››

‹‹ደብዳቤማ ሽማግሌ አይሆንም›› አሉ አያ ይስማው። ‹‹ቆመን ማየት አለበት።››

እውነታቸውን ነው። ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ የተላከ ሽማግሌ ‹‹እሺ›› ሳይባል አይቀመጥም፣ እህል ውሃም አይቀምስም። በመጨረሻ አንድ ዘዴ ዘየድን። በራችን ላይ ተደርድረው ቆሙ፣ አንገታቸውን ደፉ፣ ቄስ ሞላ መስቀላቸውን አወጡ፣ እኔም ፎቶ አነሣኋቸው። ከዚያ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

‹‹ጻፊ። የተከበሩ የፊንላንድ ሊቅ ሆይ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥልን፣ ቤትዎ ይሙላ፣ ከብትዎ ይርባ...››

‹‹ከብት ላይኖራቸው ይችላል መሪጌታ።››

‹‹ባይኖራቸውም ይርባ! ቀጥይ። ይህች ልጅ ልጃችን ናት። ጽሑፍዎን ፈልጋ ከደጅዎ ቀርታለች። ያጠፋችው ካለ ለእኛ ሲሉ ይቅር ይበሏት። እሺ እስኪሉን ድረስ አንቀመጥም።››

ወደ እንግሊዝኛ መልሼ አሳየኋቸው። መሪጌታ ስልኩን ቀረብ አድርገው፣ ራቅ አድርገው አዩት።

‹‹ያን ሁሉ ተናግሬ ይችን ታህል ብቻ?››

‹‹እንግሊዝኛ ቁጥብ ነው መሪጌታ።››

‹‹አይ ድህነት!›› አሉ በሐዘኔታ።

ከነፎቶው ላክሁት። ‹‹በሉ ግቡና ተቀመጡ፤ መልሱ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል›› ብላቸው ሦስቱም እርስ በርሳቸው ተያዩ።

‹‹አንቀመጥም ብለን ጽፈን የለም?›› አሉ ቄስ ሞላ። ‹‹ውሸታም ልታሰኚን ነው?››

ቆሙ! ወንበር ባወጣ ፊታቸውን አዞሩ። እናቴ የሽንኩርቱና የቅቤው ሽታ በሩቁ የሚጣራ ጥብስ ይዛ ወጣች፤ ፊታቸውን እንደ ወንበሩ ቢያዞሩባትም፣ የአያ ይስማው አፍንጫ ግን ወደ ሳህኑ እንደዞረ ቀረ። ፀሐይዋም ከፍ እያለች መጣች።

‹‹አሁን ይሄ ሰውዬ ምን እየሠራ ነው?›› አሉ አያ ይስማው።

‹‹ተኝተው ይሆናል። በክረምታቸው ፀሐይ አርፍዳ ነው የምትወጣው።››

‹‹ታዲያ ይቀስቀሳ!››

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ሰዓት ምረቃዬን ረሳሁት። ቄስ ሞላ በከዘራቸው ተደግፈው ጉልበታቸውን ሲያሹ ሳይ ልቤ ተንሰፈሰፈ። አንድ ዲግሪ ብዬ የሰው አባት ልገድል ነው እያልኩ በአጥሩ ሥር ወዲያና ወዲህ ተንቆራጠጥኩ። ስልኬን በየደቂቃው አያለሁ፤ የሚመጣው ‹‹ጥቅልዎ ሊያልቅ ነው›› የሚል መልእክት ብቻ ነው።

ልክ መሪጌታ ‹‹እንግዲህ ሰውየው ክፉ ነው›› ብለው ሊፈርዱ ሲሉ ስልኬ ጢን አለ። ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው።

‹‹ጽሑፉን አያይዤልሻለሁ። ተቆልፎብሽ ስለቆየ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በዚሁ ጉዳይ የጻፍኳቸውን ሌሎችንም ጨምሬልሻለሁ። እባክሽን፣ እባክሽን፣ ሽማግሌዎቹ ይቀመጡ!››

‹‹ይቅርታ አለ?›› አሉ አያ ይስማው እያቃሰቱ ወንበሩ ላይ እየተዘረጉ። ‹‹ጥፋቱን አመነ በይኛ! ያውም ከነካሳው!››

እልል ያለችው እናቴ ናት። ጥብሱ ዳግም ሞቀ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ፊንላንድም ተመረቀች። ሆዳቸው ሲሞላ፣ መግቢያውን ነግሬያቸው የነበሩት መሪጌታ ‹‹እስቲ ያን አስገራሚውን ነገር አንብቢልን›› አሉኝ። ወደ መጨረሻው ገጽ ሄድኩ። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት።

‹‹ምን ይላል?››

‹‹ባሕር ዛፍ ምንጭ ያደርቃል ወይስ አያደርቅም ለማለት... ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል ይላል።››

መሪጌታ የያዙትን ጠላ መልሰው አስቀመጡ።

‹‹ለዚህ ነው የቆምነው?›› አሉ ቄስ ሞላ።

እንደምንም ብዬ ዓርብ ምዕራፌን አስገባሁ። ቅዳሜ አማካሪዬ ደወሉ። እንደ ወትሮው ያመናጭቁኛል ስል ድምፃቸው ለስልሷል።

‹‹እንደው ያንን ጽሑፍ ሙሉውን ከየት አገኘሽው?››

‹‹ምነው ዶክተር፣ እርስዎ አይደሉ ያዘዙኝ?››

‹‹ማዘዙንስ አዝዣለሁ... እኔም መግቢያውን ብቻ ነው ያነበብኩት። ካምፓስ ውስጥ ቁጭ ብዬም አይከፍትልኝም።››

‹‹እኔ በሽማግሌ ነው ያገኘሁት›› ብዬ ነገሩን ከሥሩ አጫወትኳቸው። እስኪበቃቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

‹‹እነዚህ ሽማግሌዎች... ሥራ ካልበዛባቸው፣ ለእኔም የተቆለፈችብኝ አንዲት ጽሑፍ ነበረች።››

መልእክቱን ሦስቱም በተሰበሰቡበት አደረስኩ። መሪጌታ ተቆጡ።

‹‹ዶክተር ሆኖ ደንብ አያውቅም? ሽማግሌ በስልክ ይታዘዛል? እኛን የፈለገ ሰው ሦስት ሽማግሌ መርጦ ይላክብን!››

ይህንንም ለአማካሪዬ ነገርኳቸው።

‹‹ሦስት ሰው?›› አሉኝ። ‹‹በእኛ ትምህርት ክፍል እርስ በርሱ የሚነጋገር ሦስት ሰው ከየት ይመጣል? እኔ ራሴ ሰላም የምባባለው ከጸሐፊዋ ጋር ብቻ ነው።››

ቃል በቃል አደረስኩ። አያ ይስማው ሊቀመጡ ጎንበስ ብለው ነበር፤ ወንበሩን ሳይነኩት ቀና አሉና ከዘራቸውን አነሡ።

‹‹ኧረግ! እዚያ ይህን ያህል የተጣላ ሰው እያለ ነው እኛ ለባሕር ዛፍ ስንቆም የዋልነው? በሉ ተነሡ፤ ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ አዲስ አበባ እንሄዳለን!››