አንድ ዙር ለአባባ

ዛሬ ሊነጋጋ ሲል መኪኖች ተሰልፈው ሰው ሲመርጡ በሕልሜ አየሁ።

ሕልሙን ከመናገሬ በፊት ግን ጀርመን አገር ምን እንደወሰደኝ ልናገር፤ አለዚያ ለይቶለታል ትሉኛላችሁ። ስሜ አስናቀ ይፍሩ ነው። አዲስ አበባ የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኝ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለሰው መሪ አስጨብጬ «ፍሬን! ፍሬን እኮ ነው የምልህ!» እያልኩ ስጮህ የኖርኩ ሰው ነኝ። አባቴ አቶ ይፍሩ ደግሞ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ኤንትሬ የሚባለውን የፊያት ጭነት መኪና ሠላሳ ዓመት ነድቷል። ሌላው ሾፌር የመላእክት ሥዕል በሚለጥፍበት ቦታ፣ እሱ ጋቢናው ውስጥ ከካላንደር የቀደደውን ፎቶ ለጥፎ ነበር። ኑርቡርግሪንግ ይሉታል፤ ጀርመን አገር ጫካ መሃል የተሠራ ዝነኛ የመኪና መወዳደሪያ ነው። ፎቶው ላይ የሚታየው አንድ ኩርባ ብቻ ነው፤ ሲሚንቶው እንደ ገበቴ ጎድጉዶ ወደ ጎን ያጋደለ። አባባ እሱን እያየ «እስቲ እዚህ ላይ ሁለት መቶ ኩንታል ጭኖ የሚዞር ወንድ ይምጣ!» ይል ነበር።

የአክስቴ ልጅ ወንድይራድ ኮሎኝ ነው የሚኖረው። ለሦስት ሳምንት ና ብሎ ጋበዘኝ። አባባ ያን ጊዜ ታሞ አልጋ ይዟል፤ አልሄድም ብዬ ነበር። ያባረረኝ ራሱ ነው። «መንገዱን ማንም ከፍሎ ይነዳዋል አሉ። አንድ ዙር ዞረህ ኩርባው እንዴት እንደሆነ ንገረኝ። እስክትነግረኝ ድረስ የትም አልሄድም» አለኝ። በየቀኑ እየመጣ የሚጠይቀው የድሮ ረዳቱ ጋሽ ሀብቴም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ «ሂድ እንጂ! እኔ አለሁለት» አለኝ።

ትናንት ቅዳሜ ነዳሁት። በተከራየናት ትንሽ መኪና ወንድይራድን አጠገቤ አስቀምጬ ገባሁ። ጀርመኖቹ በሞተር ብስክሌት እያፏጩ ሲያልፉኝ፣ እኔ እንደ ተማሪዎቼ መሪውን በሁለት እጄ አንቄ ይዤ ነበር። ኩርባው ጋ ስንደርስ መኪናዋ ሲሚንቶው ውስጥ ገብታ ጥርሴን አንቀጫቀጨችው። ሳቄ መጣ። እንደወጣን የእኔን ስልክ ወንድይራድ ከሐሙስ ጀምሮ ቻርጅ ላይ ናት እያለ ቤት ስለሚያስቀራት በእሱ ስልክ ደወልኩ። እህቴ የሻረግ አነሳችና «አባባ ተኝቷል» አለች፤ ሐሙስም ዓርብም እንደዚያው ነበር ያለችኝ። ለመንኳት። «ይሁን፣ ጆሮው ላይ አደርግልሃለሁ» አለች። እኔም ከመግቢያው እስከ መውጫው፣ እያንዳንዱን ኩርባ፣ እያንዳንዱን ማርሽ ነገርኩት። ስጨርስ የደከመ፣ የሻከረ ድምፅ «እሰይ የኔ ልጅ!» አለኝ። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ወንድይራድ ፊቱን አዙሮ አፍንጫውን ሲጠርግ አየሁት፤ ብርድ መትቶት ነው አልኩ። ማታም እንደ ሐሙስና ዓርቡ የሐበሻ እንግዳ በእንግዳ ላይ ሲመጣና ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆይቶ ሲሄድ፣ አቤት የዚህ አገር ሰው እንግዳ አክባሪነቱ እያልኩ ተኛሁ።

እንግዲህ ሕልሙ።

መወዳደሪያው በር ላይ ሰዎች በረድፍ ቆመናል። መኪኖቹ በፊታችን እየተዘዋወሩ ያዩናል። አንዷ ቀይ መኪና ቀረብ ብላ ጫማዬን በጎማዋ ነካ ነካ አደረገች፤ ከዚያም አፌን አስከፍታ ምላሴን ተመለከተች። ወንድይራድ ደላላ ሆኖ አጠገቤ ቆሟል።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አለችው።

«አርባ አራት።»

«ልቡ ተፈቶ ያውቃል?»

«ኧረ በጭራሽ! እንደመጣ ነው። እጅ አልነካውም።»

«ያፈሳል?»

ወንድይራድ ዝቅ ባለ ድምፅ «ገና ነው፤ አልተነገረውም» አላት።

«ምኑ ነው ያልተነገረኝ?» አልኩ። ቀይዋ መኪና አዝናልኝ መሰለኝ፣ መብራቷን ዝቅ አድርጋ ሄደች።

ከሰልፉ ኋላ የአባባ ኤንትሬ እያሳለ መጣና «ይሄ የኔ ነው» አለ። እንዲህ ከተባለ በኋላ ማን ይከራከራል? ወጥቼ መሪ ያዝኩ። አጠገቤ አንድ ጎረምሳ ተቀምጧል፤ ጢሙ ገና ማቀምቀሙ ነው፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። የሠርጉ ፎቶ ላይ ያለው አባባ ነው።

«እንደምን አደሩ፣ አባባ?» አለኝ።

«ምን ነካህ፣ አባባማ አንተ ነህ!»

«ኧረ እርስዎ ነዎት! እኔ ገና መች ወለድኩ?»

አንቱ ሲለኝ ቁጣዬ መጣ፤ ሆዴ ሲባባ መቆጣት ልማዴ ነው። «ቀበቶህን እሰር!» ብዬ ጮህኩበት። «እሺ አባባ» ብሎ አሰረ። እሱ በሕይወቱ ቀበቶ አስሮ አያውቅም።

ገና አንደኛ ማርሽ ሳስገባ አንድ ትራፊክ ፖሊስ እየሮጠ መጣና መስኮቴ ሥር ተንበረከከ።

«ይማሩኝ ጌታዬ! የቤተሰብ ኃላፊ ነኝ። መንጃ ፈቃዴን ብቻ አይውሰዱብኝ!»

«ምን አጠፋህ?»

«እኔ እንጃ። እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ!»

ፊሽካውን አውልቆ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። እኔም የዚህ ቦታ ሕግ ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ግራ ቀኙን አየና «ቀድሞ የገባ ተሸነፈ። አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው መድረሻው ላይ አስረክቦ ብቻውን ይመለሳል። መጨረሻ የገባ ግን ሰውየውን ይዞ ቤቱ ይገባል» አለኝ።

አባባን አየሁት። በመስኮቱ ዛፍ እየቆጠረ ነው። እንግዲያው ከእኔ የባሰ ቀርፋፋ ዛሬ ይታያል አልኩ።

መንዳት አይባልም፣ ዳዴ ነበር። ተወዳዳሪው ሁሉ እንደ እኔ ነው፤ አንዱ ወርዶ መኪናውን ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ሌላው ዛፍ አቅፎ ይዟል። አንድ ኤሊ የራስ ቁር አድርጎ አለፈኝና «ይቅርታ፣ ቸኩዬ ነው» አለኝ፤ አልቅሶ ነበር። ከመንገዱ ዳር ያስተማርኳቸው ሁሉ ቆመዋል። የመንጃ ፈቃድ ፈተና አምስት ጊዜ የወደቀችው ወይዘሮ የዝና ፈታኝ ሆና በወረቀት ትመዘግበኛለች።

«አቶ አስናቀ! ፍሬን! ፍሬን እኮ ነው የምልዎት!»

«እየረገጥኩ ነው እኮ፣ የኔ እመቤት!»

እውነቴን ነው፣ በሁለት እግሬ ረገጥኩት። ኤንትሬው ቀጥ ብሎ ቆመ። መንገዱ ግን ሄደ። ከሥራችን እንደ ጨርቅ ተስቦ ይሮጣል፤ አስፋልቱ ላይ ሰው በነጭ ቀለም የጻፈው ስም በጎማዎቹ ሥር ያልፋል። ይፍሩ፣ ይፍሩ፣ ይፍሩ፣ ይላል። ወይዘሮ የዝና «ወድቀዋል!» ስትል ሰማኋት።

ተመልካቾቹ ጋ ደረስን። በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ደረጃው ላይ ተቀምጠው ያጨበጭባሉ፤ ጭብጨባው ድምፅ የለውም። ሁሉም ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፣ ጥለቱ ወደ ላይ፣ አንገታቸው ጋ ነው።

«እነዚህ ደግሞ ምን ሆነው ነው?» አልኩ።

አባባ ሳቀብኝ። «ዓለሙ ሁሉ ተገልብጦ የለም እንዴ? ነጠላው ብቻ ቀጥ ይበል ብለው ነው?»

እውነት ነው ብዬ ተውኩት። እንዲህ ያለ ቂል ነኝ።

ከዚያ ኩርባው መጣ። እንደ ፎቶው ነው፤ ያው ሲሚንቶ፣ ያው ገበቴ። ኤንትሬው ውስጡ ገብቶ እንደ ደከመው ሰው ተንፍሶ ቆመ። አሁን መንገዱም ቆሟል። አባባ ወደ እኔ ዞረ።

«እህሳ፣ እንዴት ነው?»

«ምኑ?»

«ኩርባው ነዋ! ይንገሩኝ እንጂ።»

«አልነግርህም።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ከነገርኩህ ትሄዳለህ» አልኩት፤ እንባዬ መጣ። አርባ አራት ዓመት ያላፈሰሰው ሰውዬ አፈሰስኩት። «አልነግርህም! እዚሁ እንቀመጣለን። ስንቅ አለን፣ ናፍታ አለን። ማን ይነካናል?»

«አባባ፣ ረፍዶብኛል።»

«ይርፈድ!»

እጁን ጉንጬ ላይ አደረገ። እጁ ብቻ የሽማግሌ ነበር፤ አውራ ጣቱ ላይ ጎማ ሲቀይር ክሪክ ያመለጠው ጊዜ የቀረችው ጠባሳ አለች። «እርስዎ እኮ ትናንት ነግረውኛል» አለኝ፤ ለስለስ ብሎ፣ እኔ እንዳላፍር ተጠንቅቆ። ቀበቶውን ፈትቶ ወረደ። እኔም ልወርድ ስል የእኔ ቀበቶ አልፈታ አለ። ጎትቼ ጎትቼ አቃተኝ። ትንሽ ራቅ ብሎ የመድረሻው መስመር ላይ እህቴ የሻረግ ቆማለች፤ ባንዲራ መሆኑ ቀርቶ የምታውለበልበው ስልኳን ነው፣ በሌላ እጇ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ዝም በሉ፣ ተኝቷል» ትላለች።

አባባ ከሲሚንቶው ላይ አቧራ በመዳፉ ጠረገና ዳበሰው። ከዚያ ከመቀመጫው ሥር ብረቱን አወጣ። ከመነሳቱ በፊት ጎማ መፈተሽ ልማዱ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አንድ ቀን አላስታጎለም። እየዞረ ጎማዎቹን ይመታ ጀመር። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

«አባባ፣ ተወው ጎማውን! ደህና ነው!»

ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

በሩ ነበር። ነቃሁ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ከፈትኩ። ወንድይራድ ጥቁር ጃኬት ለብሷል። ከኋላው ከሐሙስ ጀምሮ ሲመጡ የነበሩት ሰዎች ቆመዋል፤ ቄስም አሉበት። ወንበር ሞልቶ አንድም የተቀመጠ የለም። የወንድይራድ ሚስት ስንዱ በብርጭቆ ውኃ ይዛ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች።

የሚናገር አላስፈለገኝም። በእኛ አገር ሰው በዚህ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው።

«መቼ?» አልኩ።

«ሐሙስ ጠዋት» አለ ወንድይራድ። «ይንዳለትና ይነገረው ተብሎ ነው፣ ወንድሜ።»

«ምን ትላለህ አንተ! ትናንት አናግሬዋለሁ እኮ! እሰይ ብሎኛል!»

ስልኩን ሰጠኝ። የሻረግ መስመር ላይ ነበረች፤ ከኋላዋ ድንኳን ሙሉ ሰው ሲያለቅስ ይሰማል።

«የሻረግ፣ ትናንት እሰይ ያለኝ ማነው?»

«ጋሽ ሀብቴ ነው። እኛ መናገር አቃተን። የአሰብ መስመር ጓደኞቹ ሁሉ ድንኳን ውስጥ ሆነው ሰምተውሃል።»

«እስክትነግረኝ አልሄድም ብሎኝ ነበር እኮ!»

የሻረግ ከድንኳኑ ወጣች መሰለኝ፣ ለቅሶው ራቀ።

«ሐሙስ ሲነጋ አስናቀ ነዳ ወይ ብሎ ጠየቀኝ» አለችኝ። «በጣም ተጨንቆ ነበር፣ ወንድሜ። እንዲያርፍልኝ ብዬ ነዳ አልኩት።»