የጋሽ ዘለቀ ጓጉንቸር

መቆለፍ የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ባሕር ዳር፣ ዱቄት ፋብሪካ ስሠራ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛችን ጋሽ ዘለቀ እንዲያ ነበሩ። ወፍጮ ሊጠገን ሲል ብሬከሩን ያጠፋሉ፣ በቴስተር ይፈትሻሉ፣ በጓጉንቸር ይቆልፋሉ፤ ቁልፉንም ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ያስሩታል።

አንድ ቅዳሜ ለውይይት ክበብ ተሰበሰብን። ካድሬው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ማይክሮፎኑ ግን ድምፅ የለውም። ለካ መስመሩ ከተቆለፈው ወፍጮ ጋር አንድ ኖሯል።

«ይከፈት» አለ ካድሬው።

«ጓድ፣ ታደሰ ወፍጮው ውስጥ እየጠገነ ነው። እሱ ሳይወጣ አንገቴን ቢቆርጡኝም አልከፍትም» አሉ ጋሽ ዘለቀ። ቁልፉ እዚያው አንገታቸው ላይ መሆኑን ረስተውት ይሆን? ሳቄን ዋጥሁት።

ታደሰ ይህን ከውስጥ ሰማ። ወትሮ ሥራውን አጣድፎ የሚወጣው ሰውዬ፣ ያን ዕለት እያንዳንዷን ብሎን እያባበለ ፈታ፣ እያባበለ አሰረ። ፀሐይዋ ጣና ላይ ስታዘቀዝቅ ካድሬው ተስፋ ቆርጦ ሄደ፤ እኛም ዓሣችንን ልንበላ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ካድሬው ገና ሳይደርስ፣ ጋሽ ዘለቀ ፊት ረጅም ሰልፍ ተሠራ። ሁላችንም የምንለው አንድ ነበር፤ «ጋሽ ዘለቀ፣ ዛሬ ወፍጮው ውስጥ የምገባው እኔ ነኝ።»