የክቡር ይግባኝ እጅ

በየትኛውም የተማሪዎች የሒሳብ ውድድር ላይ፣ መልሱ ተነግሮ፣ ተጨብጭቦ፣ ሰው ሁሉ ወንበሩን እየገፋ ሊነሳ ሲል እጁን የሚያወጣ አንድ ፍጡር አይጠፋም። የተሸነፈ እንዳይመስላችሁ። ብዙ ጊዜ ያሸነፈው ራሱ ነው፤ ግን ጥያቄው የተጻፈበት መንገድ እንቅልፍ ሊነሳው ነው።

የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች የራሳቸውን እንዲህ ያለ ሰው «ክቡር ይግባኝ» ይሏቸዋል። ዕድሜያቸው ገና አሥራ ሰባት ቢሆንም አንቱታው ይገባቸዋል፤ በክርክር ካረጁ ቆይተዋል። እናታቸው እንደሚሉት ከሆነ ነገሩ የጀመረው ገና ሳይወለዱ ነው። «ሐኪሙ የቆረጠውን ቀን አልቀበልም ብሎ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ተከራክሮኛል» ይላሉ።

ባቡር ከአንድ ጣቢያ ተነስቶ ሌላው ጣቢያ መቼ እንደሚደርስ አስላ ሲባሉ «መሃል ላይ ሰው አይጭንም እንዴ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሜዳ ዳር ቆመው የገዛ ክፍላቸው ያገባው ግብ ከጨዋታ ውጪ ነው ብለው ሲሟገቱ ከዱላ የተረፉት ለጥቂት ነው። አንዴ ደግሞ የሒሳብ መምህሩ ፈተና አርሞ ሲመልስ፣ ክቡርነታቸው ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ጠረጴዛው ሄዱና ሁልጊዜ የሚሉትን አሉ።

«ይቅርታ ቲቸር፣ እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ።»

«ሙሉውን ሰጥቼሃለሁ እኮ!»

«እሱን ነው የምልዎት። መልሱ ልክ ነው፣ አሠራሩ ግን ስህተት ነው። በዕድል ነው የመጣልኝ። ይቀነስ።»

መምህሩ ቀነሰ። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ራሱን አሞት ወደ ቤቱ ሄደ።

የዚህ ሁሉ ጣጣ ተሸካሚ አብራቸው የምትወዳደረው ልጅ ናት። ውድድሩ ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው፤ እሳቸው «አለቃ» ይሏታል፣ የሚታዘዟት ግን አይደሉም። አምና «በሁለት እና በዘጠኝ መካከል» ሲባል ሁለትና ዘጠኝ ራሳቸው ይቆጠራሉ ወይስ አይቆጠሩም ብለው ዳኞቹን ሲያደርቁ ነጥብ ተቀነሰባቸውና ወደ አገር አቀፉ ውድድር ሌሎች አለፉ። አለቃ አኮረፈች፤ ሰንብታ ታረቀች። ዘንድሮ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ከዚህ በኋላ ሌላ ዕድል የላትም። በዋዜማው መምህሩ ለብቻዋ ጠርቶ «ሒሳቡን እንኳ ትችይበታለሽ። የዚያን ልጅ እጅ ብቻ ያዥልኝ» አላት።

ስለዚህ በፍጻሜው ዕለት በቀኝ እጇ እርሳስ፣ በግራ እጇ የክቡርነታቸውን እጅጌ ይዛ ተቀመጠች። አዳራሹ ሞልቷል፤ ማይክሮፎኑ በየመሃሉ ይጮሃል። ሁለት ቡድኖች እኩል ነጥብ ይዘው አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቷል። ተጋጣሚዎቻቸው አንድ ዓይነት ሹራብ የለበሱ፣ ድምፃቸው የማይሰማ እህትማማቾች ናቸው።

ዋና ዳኛዋ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። «የአንድ ሦስት ማዕዘን ሁለት ጎኖች አሥራ ሦስት እና አሥራ አምስት ናቸው። ከሦስተኛው ጎን ሲለካ ቁመቱ አሥራ ሁለት ነው። ስፋቱ ስንት ነው?»

አለቃ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰች። ሦስት ማዕዘኑን እንደ ቤት ጣሪያ አቁማ ሣለችው፤ ቁመቱን በመሃሉ አወረደች። መሠረቱ በግራ አምስት፣ በቀኝ ዘጠኝ፣ ሲደመር አሥራ አራት። ስፋቱ ሰማንያ አራት። እንደገና አሰላችው፤ ያው ነው። ክቡርነታቸውም አይተው «ልክ ነው» አሉ። የመልስ ወረቀቱ ተሰበሰበ።

«የመጀመሪያው ቡድን፣ ሰማንያ አራት። ትክክል።»

አለቃ ትንፋሿ ተመለሰላት።

«ሁለተኛው ቡድን፣ ሰማንያ አራት ወይም ሃያ አራት።» ዳኛዋ ከወረቀቱ ቀና አሉ። «ልጆች፣ አንድ ጥያቄ አንድ መልስ ነው ያለው። በግምት ሁለት አይጻፍም። ስህተት።»

እህትማማቾቹ ተያዩ። ታናሽየዋ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ የሒሳብ መምህሩ ወንበር ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረውም።

አለቃ ልታጨበጭብ እጅጌውን ለቀቀች። ወዲያው ደንግጣ መልሳ ልትይዘው ዞረች፤ የሚያዝ እጅ ግን አጣች። ክቡር ይግባኝ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ሥር ከተው ተቀምጠውባቸዋል። ፊታቸው ቀልቷል። ፊት ለፊታቸው የቀረው መሞነጫጨሪያ ወረቀት ተገልብጧል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ምንም።»

«አሳየኝ።»

«ምንም ነው አልኩሽ፣ አለቃ። አጨብጭቢ በቃ።»

ነጥቃ ገለበጠችው። ሌላ ሦስት ማዕዘን ነው። ጎኖቹ ያው አሥራ ሦስትና አሥራ አምስት፣ ግን ሊወድቅ እንደደረሰ አጥር ወደ አንድ ወገን አዘምሟል። ቁመቱ ከመሠረቱ አልፎ በውጭ በኩል ወርዷል። እንዲህ ሲሆን ከዘጠኙ ላይ አምስቱ ይቀነሳል እንጂ አይደመርም። መሠረቱ አራት። ስፋቱ ሃያ አራት።

እህትማማቾቹ ልክ ነበሩ፤ ጥያቄው ሁለት መልስ አለው።

ይግባኝ የሚቀርበው ዋና ዳኛዋ ውጤቱን ከመፈረማቸው በፊት ብቻ ነው። ዳኛዋ ደግሞ የብዕራቸውን ክዳን እየከፈቱ ነው። አለቃ ጠበቀች። የዚያ ልጅ እጅ ሲነሳ ለማየት እንዲህ ጓጉታ አታውቅም። እሱ ቢናገር ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ዓመቱን ሙሉ ታኮርፈዋለች፤ ግን ነገሩን ያበላሸው እሱ ይሆናል። እሷ እንደተበደለች ወደ ቤቷ ትገባለች።

እጁ አልተነሳም። እዚህ ላይ አንቱታው ይቅርና፣ ልጁ ከንፈሩን ነክሶ ወለሉን ያያል። ዳኛዋ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አሉ።

«ክብርት ዳኛ!»

አለቃ የተነሳችው ራሷ መሆኗን ያወቀችው ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት ነው። «የእነሱ መልስ ነው ልክ» አለች። «የእኛ ጎደሎ ነው።»

ሰሌዳው ላይ ያዘመመውን ሦስት ማዕዘን ስትሥል ጠመኔው ተሰበረባት። ዳኞቹ ተሰብስበው አንሾካሾኩ፣ ሣሉ፣ ሰረዙ። በመጨረሻ ዋና ዳኛዋ ማይክሮፎኑን አንስተው እህትማማቾቹን ይቅርታ ጠየቁ። ያለፉትም እነሱ ሆኑ። የሒሳብ መምህሩ ኮቱን አንስቶ ቀድሟቸው ወጣ።

ውጭ ደረጃው ላይ ሲደርሱ አለቃ ቆመች።

«ለምን ዝም አልክ?»

«መሄድ ትፈልጊ ነበራ።»

«እና?»

«አምና በእኔ ምክንያት ነው የቀረሽው። ዘንድሮ ደግሞ እንደገና…» ጫማውን አየ። «አልቻልኩም።»

አለቃ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። መቅረቷ አንገብግቧታል። ይበልጥ ሆዷን ያባባው ግን እነዚያ እጆች ጭኑ ሥር ተቀብረው ማየቷ ነው። ይህን ጨቅጫቃ ምን ያህል እንደምትወደው የገባት ገና አሁን ነው።

«ስማኝ» አለችው አፍንጫዋን እየጠረገች። «ሰው ሁሉ ዝም ይበለኝ። አንተ ግን ሁለተኛ ዝም እንዳትለኝ።»

አጠገቧ ተቀመጠና ትንሽ አሰበ።

«ሰው ሁሉ ስትይ ግን…»

«እ?»

«ሰው ሁሉ ውስጥ እኔም አለሁበት እኮ። እንደዛ ከሆነ ሁለቱ ነገሮች ይጋጫሉ።»

«ቀጥል» አለችው።