አንድ ኮከብ የሰጠሁ ዕለት

መርካቶ ውስጥ የገዛው ዕቃ የተበላሸበት ሰው የሚያደርገው ይታወቃል፤ ይመለስና በሻጩ ላይ ይጮሃል። ሻጩም ይጮሃል። ጎረቤት ይገላግላል፣ ዕቃው ይለወጣል፣ ሁሉም ወደ ሥራው ይሄዳል። ከድረ ገጽ የገዛ ሰውስ በማን ላይ ይጩህ? በገዛ ስልኩ ላይ? ለዚህ ነው መሰለኝ ኮከብ የፈጠሩልን፤ የከፋው አንድ፣ ደስ ያለው አምስት ይሰጣል።

እኔ ሸማ ተራ ነጠላ የምሸጥ ሰው ነኝ። ሱቄን ጥዬ መዞር ቢሰለቸኝ ነጋዴዎች ዕቃቸውን ከሚለጥፉበት አንድ ድረ ገጽ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ አዘዝኩ። ድረ ገጹ ሲያምር ለጉድ ነው፤ ዕቃውም ሱቄ ድረስ መጣልኝ። ሰክቼው ውሃው ሲፈላ እጀታውን ብይዘው እስከ ክርኔ ነዘረኝ። ጣቶቼ መኖራቸውን እያረጋገጥኩ ዋልኩ። ለሻጩ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። ወደ ድረ ገጹ ደወልኩ፤ ሙዚቃ አሰምተው ዘጉብኝ። ተናደድኩና አንድ ኮከብ ሰጥቼ «ይህ ዕቃ ሰው ይገድላል» ብዬ ጻፍኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ?

ለእኔ ያልመለሰው ሻጭ ለኮከቤ ወዲያው ደወለ። ሙራድ እባላለሁ አለኝ፤ ድምፁ ወፍራም ነው። አልተሳደበም፤ ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።

«ሱቅህን አውቀዋለሁ። ነገ ሰው ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ዘጋው።

እንዴት አያውቀው? አድራሻዬን ከነምልክቱ አሳምሬ የሞላሁለት ራሴ ነኝ። በማግስቱ ሱቄን በግማሽ ከፍቼ፣ የተሰቀለ ነጠላ የማወርድበትን ዘንግ ጉልበቴ ላይ አጋድሜ ተቀመጥኩ። አንዲት እናት ዋጋ ሊጠይቁ ገብተው፣ እኔንና ዘንጌን አይተው ተመልሰው ወጡ። ምን ልዋሽ፣ በጣም ፈርቼ ነበር።

ሙራድ መጣ፤ ያመጣቸው ሰዎች ግን ከዘራ የያዙ ሽማግሌዎች ናቸው። መሪያቸው ሐጂ ከድር፣ እህል በረንዳ የሚነግዱ፣ ገበያው ሁሉ የሚያከብራቸው አዛውንት ናቸው። ዘንጌን ከወንበር ስር ገፍቼ ብድግ አልኩ።

«ልጄ፣ የሰው እንጀራ አይዘጋም» አሉኝ ሐጂ። «ሙራድ ዕቃውን ይለውጥልሃል፤ አንተም ኮከቡን ሙላለት።»

እንደነዘረኝ አስረዳሁ። አላህ አትርፎሃልና አመስግን አሉኝ። መርካቶ ውስጥ ሽማግሌን እምቢ ማለት ከኤሌክትሪክ ይብሳል። እያዩኝ አምስት ኮከብ ሰጠሁ። ሙራድ ቃልም እንድጨምርበት ሲጠይቀኝ የቀድሞውን አጥፍቼ «ለቤተሰብ የሚሆን ምርጥ ዕቃ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ አምስት ኮከብ ባየሁ ቁጥር፣ ከጀርባው ስንት ሽማግሌ እንደተቀመጠ አስባለሁ።

ሳምንት አለፈ፤ ይለወጥልሃል የተባልኩት ዕቃ ገና በመንገድ ላይ ነው። አማቴ እትዬ አስካለ ደወሉ። ከሠርጋችን ጀምሮ አንድም ቃሌን አምነው የማያውቁ ሴት ናቸው።

«ድረ ገጹ ላይ ስምህን ባየው፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ልመንህ ብዬ ያንን ያመሰገንከውን ውሃ ማፍያ አዘዝኩ። አሁን ደረሰ፤ ልሰካው ነው» አሉኝ።

እንዳይነኩት፣ ሰው እንደሚነዝር ነገርኳቸው።

«ታዲያ አምስት ኮከብ ለምን ሰጠኸው?»

«ፈርቼ ነው፣ እትዬ።»

«ይዤው እየመጣሁ ነው» አሉኝ። «እጀታውን አንተ ትይዘዋለህ፤ ሱቅህ ውስጥ ሶኬት አለ አይደል?»